ማይክ ያዥዋ

ጉልቬን ኬርቢርዩ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ብቻውን ያወራል። ሴት ልጁ ሮዘን ወጥ ቤት ቆማ ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች ትሰማዋለች። ውሃውን የከፈተው ድምፁን እንዲሸፍንለት ነው፤ ግን ሎርያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጥድፊያ የተሠራ የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ስለሆነ ግድግዳው ሁሉ ወረቀት ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ሆኖ «ይማርህ» ማለት ይቻላል። «ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የመንግሥት ተወካዮች፣» ይላል አባቷ፤ ያቆማል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያ እንደገና ከ«ክቡራትና ክቡራን» ይጀምራል። ዐርባ አንድ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው ነው። እሷ እስከምታውቀው ድረስ ለማንም «ክቡር» ብሎ አያውቅም። ጀልባው ላይ አብሮት የሚሠራውን ሰው እንኳ የሚያዘው በአገጩ ነው። አራተኛው ሙከራ ላይ «ሁለት ደቂቃ ከዐርባ» ብሎ አጉረመረመና ውሃውን ዘጋ።

ሮዘን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሏን ከፈታች በኋላ ጥር ላይ ሰባት ካርቶን ተሸክማ ወደ አባቷ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ተመልሳ ገባች። ካርቶኖቹ እስካሁን ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው አሉ፤ አባቷም አንድ ቀን አንሺያቸው ሳይላት በጎናቸው ሹልክ ብሎ ያልፋል። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል። ሁለቱ ብቻቸውን ከሞላ ጎደል በሰላም ነበር የኖሩት፤ ፋሲካ እስኪደርስ። የፋሲካ ዕለት አክስቷ ቤት የበግ ታፋ ቀርቦ ሳለ ጉልቬን ስለ ወፍጮዎቹ አነሳ። ከባሕሩ ዳርቻ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቀው ውሃው ላይ እየተንሳፈፉ እንዲቆሙ የታቀዱትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ማለቱ ነው፤ ወደቡ ላይ ሁሉም ሰው ወፍጮ ነው የሚላቸው። ባሕሩን ሊሰርቁን ነው አለ። ሮዘንም ሹካዋን አስቀምጣ፣ «ባሕሩ የአንተ ብቻ ነው እንዴ? መብራት ስታበራ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል?» አለችው። ጉልቬን አፉን ጠረገ፣ ጨርቁን አራት አጠፈው፣ የማዕዱ ማሳረጊያ አይብ ሳይቀርብ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ በመካከላቸው የሚባለው ነገር ዳቦ፣ ቁልፍና ጋዝ ሆነ።

ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ ነበር። ሐሙስ ቀን ነው፤ ባሕሩም የተረጋጋ ነው፤ እንዲህ ባለ ቀን እሱ መሬት ላይ ቀርቶ አይታወቅም።

«ዳቦ አለ?»

«አለ።»

«ማታ ለእራት አትጠብቂኝ። ስብሰባ አለብኝ።»

የትኛው ስብሰባ እንደሆነ ታውቃለች፤ ምክንያቱም እሷም እዚያው ናት። የቀን ሠራተኛ የሚያቀርበው ኤጀንሲ ትናንት መልእክት ልኮላት ነበር፦ ስለ ተንሳፋፊው የነፋስ ኃይል ፕሮጀክት የሕዝብ ውይይት፣ የከተማው የስብሰባ አዳራሽ፣ ማይክ ማዞር፣ ጥቁር ሱሪ፣ ሰማያዊ ሰደርያ እዚያ ይሰጣል፣ ስድሳ ስምንት ዩሮ። ጥሩ ከሠራች ነገ ቫን ከተማ፣ ሰኞ ካምፔር ከተማ፣ በጠቅላላው የሦስት ሳምንት ሥራ። ያን ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትተነፍስ ይበቃ ነበር። ግን ሁለት ወር የተዘጋ አፍ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ሲባል አይከፈትም። «እሺ» ብቻ አለች፤ እሱም ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ስትደርስ ሦስት መቶ ወንበር ተደርድሯል። መግቢያው ላይ ጭማቂና ከቅቤ የተሠራ ብስኩት ያለበት ጠረጴዛ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ወደፊት የሚታየውን አድማስ የሚያሳይ ሰፊ ፎቶግራፍ ቆሟል። ተርባይኖቹ ፎቶው ላይ እንደ ጥርስ መፋቂያ ቀጭን ናቸው፤ ሰው ጠጋ ብሎ፣ ዓይኑን አጥብቦ ካልፈለገ አያገኛቸውም። ሮዘን ፈልጋ አገኘቻቸው፤ አላስጠሏትም። በስተግራ ያለው ግድግዳ ላይ ሁለት ሜትር የሚሆን የባሕር ካርታ ተሰቅሏል። የዓሣ ጀልባዎች የሄዱበት መንገድ በሰማያዊ መስመር ተሥሏል፤ መስመሮቹ አንዳንድ ቦታ ተደራርበው ጠቁረዋል፤ ተርባይኖቹ የሚቆሙበት ቦታ ግን ንጹሕ ነጭ ነው። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «አነስተኛ የዓሣ ሥራ እንቅስቃሴ» ይላል። ሮዘን ካርታ ማንበብ አይሆንላትም፤ ግን ሁለቱን ደሴቶች አይታ ቦታውን ለየችው። አባቷ «ጭቃው» የሚለው ነው። ላንጉስቲን፣ ያ ጥፍራሙ ሽሪምፕ፣ ከዚያ ጭቃ ሥር ነው የሚኖረው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ይዟት ሄዶ ቀኑን ሙሉ ስታስመልስ ውላለች። ያደገችበት ዳቦ፣ የትምህርት ቤት ጫማዋም ሆነ የእናቷ የቀብር ወጪ የመጣው ከዚያ ነጭ ቦታ ነው።

ሥራውን ያስረዳቻት ማዳም ኦበርሌ የምትባል፣ ዐርባዎቹን ያጋመሰች፣ በጠዋቱ ባቡር ከፓሪስ የመጣች ሴት ናት። ውይይቱን የምታዘጋጀውና የምትመራው እሷ ነች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሮዘን ምሳ እንዳልበላች ስትሰማ የራሷን ሳንድዊች ግማሽ ቆርሳ ሰጥታታለች። «አንድ ነገር ብቻ አስታውሺ፣ የኔ እህት» አለቻት። «ማይኩን ከእጅሽ አትልቀቂ። ሰው ማይክ ከጨበጠ ሚስቱን ቢወስዱበት ይሻለዋል። አንቺ ትይዢለታለሽ፣ እሱ ይናገራል። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፤ ያኔ ክንድሽን ትሰበስቢያለሽ። ፈገግ ብለሽ ታዲያ።» ሁለቱ ጥቂት ተለማመዱ። ማዳም ኦበርሌ የተቆጣ ሽማግሌ መስላ ጮኸች፤ ሮዘን ክንዷን ሰበሰበች፤ ፈገግ አለች። «ተወልደሽበታል!» አለቻት ሴትዮዋ።

በአሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ሮዘን ከፎቶው ጀርባ ተንበርክካ የኤሌክትሪክ ገመድ ወለሉ ላይ በፕላስተር ትለጥፋለች። ማዳም ኦበርሌና የኩባንያው መሐንዲስ፣ ፌራንዲ የሚባል ቀጭን ሰው፣ ከፎቶው ፊት ለፊት ቆመው የተናጋሪዎቹን ዝርዝር ያያሉ። እሷን አላዩአትም።

«አራተኛው ማን ነው?» አለች ማዳም ኦበርሌ።

«ዓሣ አጥማጅ። ከአምስት እስከ ሰባት ያሉትም እንዲሁ።»

«አራቱም መጨረሻ ይሂዱ። የቴሌቪዥን ካሜራዎቹ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚሄዱት። ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ይጩኹ።»

«ቀድመው እኮ ነው የተመዘገቡት» አለ ፌራንዲ፤ ድምፁ የመከራከር ሳይሆን ነገሩን ከራሱ ላይ የማውረድ ነበር።

«አትናገሩ ማን አላቸው? ይናገራሉ። ሁለት ሰዓት ላይ።»

የእስክሪብቶ ድምፅ ተሰማ። ሮዘን እጇ ላይ የተጣበቀውን ፕላስተር እያላቀቀች ትንሽ ቆየች። ቁጣ አልነበረም የተሰማት፤ ይልቅ ሰዎች አጠገባቸው መቆሙን ሳያውቁ ስለ እሱ ሲያወሩ የሚሰማ ሰው ላይ የሚያድር ዓይነት ኀፍረት ነበር። ስለ ተርባይኖቹ ያላት ሐሳብም አልተለወጠም። ባለፈው ክረምት ለማሞቂያ የከፈለችውን ታስታውሳለች፤ የባሕሩ ውሃ በየዓመቱ እየሞቀ መሆኑንም ራሱ አባቷ ነው የነገራት። ይተከሉ ባይ ናት። ግን ሁለቱ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሲሄዱ አየችው፤ የአባቷ ስም ከአራተኛ ተሰርዞ አሥራ ዘጠነኛ ላይ ተጽፏል። ሽማግሌው ያን አራተኛ ቁጥር ለማግኘት ከሁለት ሳምንት በፊት ኮምፒውተር የሚችል ሰው ለመፈለግ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ሄዶ ነበር፤ ልጁ ጎኑ ተቀምጣ ሳለ እሷን መጠየቅ አልፈለገም። ማረጋገጫ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎት አይታዋለች።

ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሮቹ ተከፈቱ። የባሕር ዳር ቤት ያላቸው ሰዎች ነጫጭ ሱሪ ለብሰው መጡ፤ የእግር ጉዞ ማኅበር መጣ፤ የወፎች ወዳጆች መጡ፤ አንድ ጡረተኛ ስለ ነፋስ የጻፈውን ባለ ዐርባ ገጽ ጽሑፍ ለሁሉም ያድላል። አጥማጆቹ ሰባት ሆነው በአንድ ላይ ገቡ። ጉልቬን የቀብር ኮቱን ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ ተለጥፏል። ሮዘንን ያያት መተላለፊያው መሃል ላይ፣ ሰማያዊ ሰደርያውን ለብሳ፣ ማይኩን ይዛ ነው። ሰደርያው ጀርባ ላይ የኩባንያው ምልክት አለ። አንድ እርምጃ ያህል ቆመ፤ ፊቱ ምንም አልተለወጠም፤ ከዚያ ወንበር እንደሚያልፍ ሰው አልፏት ሄደ። ከኋላው የነበረው ጓደኛው፣ «ያቺ ልጅህ አይደለችም እንዴ?» አለው። «ቦታ ያዝልኝ» አለ ጉልቬን።

የመጀመሪያው ሰዓት እንደ ማንኛውም እንዲህ ያለ ስብሰባ ነበር። ከንቲባው ተናገረ፤ ፊልም ታየ፤ ፌራንዲ ለሃያ አምስት ደቂቃ ተንሳፋፊ መድረክ ምን እንደሆነ፣ ሰንሰለቱ ስንት ቶን እንደሚመዝን፣ መልሕቁ ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደሚቀበር አስረዳ። ለእሱ ስክሪኑ ቀይ አልሆነም። ከዚያ ማዳም ኦበርሌ፣ «አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ለዚህ ነው የመጣነው» አለች፤ አባባሏም ከልብ ይመስል ነበር። አንደኛው ስለ ወፎች ጠየቀ። ሁለተኛዋ ስለ ሥራ ዕድል ጠየቀች። ሦስተኛው የጽሑፉ ባለቤት ነበር፤ ሮዘን ክንዷን ሰበሰበች፤ ፈገግ አለች። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ነበር።

«አራተኛ ተናጋሪያችን፣» አለች ማዳም ኦበርሌ ዝርዝሩን እያየች፣ «የባሕር ዳር ቤት ባለቤቶች ማኅበር ተወካይ፤ በስተግራ በኩል።»

በስተግራ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ሮዘን በመተላለፊያው ወረደች። ወደ ግራ መታጠፊያው ስትደርስ ወደ ቀኝ ታጠፈች። የሁለት አጥማጆችን ጉልበት ተሻግራ አባቷ ፊት ቆመችና ማይኩን ወደ አፉ ዘረጋችለት። ጉልቬን መጀመሪያ ማይኩን፣ ከዚያ እሷን አየ። አልተነሳም።

«ይቅርታ፣ የኔ እህት፣ በስተግራ ነው» አለች ማዳም ኦበርሌ ከመድረኩ።

ሮዘን ማይኩን ወደ ራሷ አፍ መለሰችው። እስካሁን በእሷ እጅ ሆኖ ሌላ ሰው ተናገረበት እንጂ እሷ ተናግራበት አታውቅም፤ ድምፅዋ ከአራቱ ማዕዘን ሲመጣ ደነገጠች። «ዝርዝሩ ላይ አራተኛው እሳቸው ነበሩ» አለች። «ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የተመዘገቡት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው ወደ አሥራ ዘጠነኛ የተዛወሩት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። የቴሌቪዥን ካሜራ የያዘው ሰው፣ ስልኩን ሲጎረጉር የቆየው፣ ካሜራውን ወደ እነሱ አዞረ። ማዳም ኦበርሌ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት፤ ሦስት ሰከንድ አልፈጀባትም። «የቅደም ተከተል ስህተት ከሆነ እናርማለን» አለች። «ይቀጥሉ፣ ሙስዮ። ሁለት ደቂቃ።»

ጉልቬን ተነሳ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። «ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የመንግሥት ተወካዮች፣» ብሎ ጀመረ። ክብሩን፣ ምስጋናውንና ራሱን ማስተዋወቁን አንብቦ ሲጨርስ አንድ ደቂቃ ሄዷል። ንባቡ የትምህርት ቤት ልጅ ንባብ ነው፤ ነጭ ሱሪ የለበሱት መቁነጥነጥ ጀመሩ። ከዚያ ወደ ካርታው ደረሰ።

«ጀልባዬ አሥር ሜትር ከዐርባ ነው» ብሎ አነበበ። «የሳተላይት መከታተያ ሣጥን እንዲያስሩ የሚገደዱት ከአሥራ ሁለት ሜትር በላይ የሆኑት ናቸው። ያ ካርታ የተሠራው ከሣጥኖቹ ነው። እኔ ሣጥን የለኝም። እነዚህም የላቸውም። አሥራ ሰባት ጀልባ ነን። ካርታው ላይ ነጭ የሆነው ቦታ እኛ በሳምንት አምስት ቀን የምንውልበት ነው። ባለፈው ሳምንት ከዚያ ቦታ መቶ ዐሥር ኪሎ ላንጉስቲን አውጥቼ ኬሮማን የዓሣ ወደብ ጨረታ ላይ በኪሎ አሥራ አራት ዩሮ ሸጫለሁ፤ ደረሰኙ ይኸው። ስለዚህ አነስተኛ እንቅስቃሴ የሚለው ስህተት ነው።»

ስክሪኑ ቀይ ሆነ። «እናመሰግናለን» አለች ማዳም ኦበርሌ። ሮዘን ክንዷን አልሰበሰበችም። ጉልቬን ቀዩን ስክሪን አየ፤ ወረቀቱ ላይ ገና ግማሽ ገጽ እንደቀረው አየ፤ ከዚያ ልጁን አየ። እሷ ወደ ግድግዳው ነበር የምታየው።

«እንግዲህ…» አለ ጉልቬን፤ አሁን እያነበበ አልነበረም። «ነፋሱን እኔ አልጠላሁም። ልጄ መተከል አለባቸው ትላለች። ፋሲካ ላይ ተጣልተንበታል፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ አናወራም። ምናልባት ልክ ናት። ከእኔ ይልቅ ተምራለች። እኔ የምለው ሰውን ከቦታው ልታነሳው ከሆነ መጀመሪያ እዚያ መኖሩን እወቅለት ነው። አየሁህ፣ እዚህ ነህ፣ ግን ተነስ በለኝ። ያኔ እጣላሃለሁ። የሌለ ሰው ግን ከማን ጋር ይጣላል?» ትንሽ አሰበ። «በቃ፤ ይኸው ነው።»

ተቀመጠ። የሮዘን ክንድ ዝሏል፤ እስኪጨርስ አራት ደቂቃ ያህል ቆይታለች። ያጨበጨቡት መጀመሪያ አጥማጆቹ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ የወፎች ወዳጆች ተጨመሩ። ፌራንዲ መልስ ሊሰጥ ተነሳ። ማዳም ኦበርሌ በዓይኗ ምልክት ብትሰጠውም አላያትም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ። «እውነት ነው» አለ። «ያለን መረጃ የትልልቆቹ ጀልባዎች ብቻ ነው።»

«ታዲያ ይስተካከላል?» ብሎ አንድ ሰው ከመሃል ጮኸ።

«የቦታው ወሰን… ወሰኑ ባለፈው ወር ጸድቋል።» አዳራሹ አጉረመረመ፤ አንዲት ሴት «ታዲያ ምን ልናደርግ ነው የመጣነው?» አለች። ፌራንዲ እጁን አነሳ። «ወሰኑ ውስጥ ግን መልሕቆቹ የት የት እንደሚያርፉ፣ በመካከላቸው ምን ያህል መተላለፊያ እንደሚተው አልተወሰነም። ያ ክፍት ነው። ሙስዮ፣ መረብዎን የት የት እንደጎተቱ የሚያሳይ ማስታወሻ ይኖርዎታል?»

«ዐርባ አንድ ደብተር አለኝ» አለ ጉልቬን ከተቀመጠበት፣ ያለ ማይክ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ቀጠለ። ካሜራዎቹ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄዱ። የቤት ባለቤቶቹ ተወካይ ስለ አድማሱ ውበት ተናገረች፤ ማይኩን የያዘችላት ሮዘን ነበረች፤ በሁለት ደቂቃ ክንዷን ሰበሰበች። ሁሉም ሲያልቅ ሰዉ ወደ መግቢያው ወጥቶ ጭማቂ ጠጣ። ሮዘን አዳራሹ በር ላይ ወንበር ትደራርባለች። ፌራንዲ የጉልቬንን ስልክ ቁጥር ሲጽፍ፣ ማዳም ኦበርሌ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ እነሱ ስትጠጋ አየች። የሴትዮዋ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማ ነው፤ ሮዘን ሁሉንም ሰማች።

«ሙስዮ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው» አለች ማዳም ኦበርሌ። «በሠራተኛችን ምክንያት እንደዚያ ግርግር ውስጥ መግባት አልነበረብዎትም። ልጅቷ ከኤጀንሲ ለቀን የመጣች ናት። ከነገ ጀምሮ ከእኛ ጋር አትሠራም።»

«ምን አጠፋች?»

«ትእዛዝ አትሰማም።»

«ስሟ ማን ይባላል?»

ማዳም ኦበርሌ በብብቷ የያዘችውን ወረቀት ገለጠች። «ሮዘን» ብላ አነበበች፤ «ሮዘን ኬርቢ…» ብላ ቆመች። ዓይኗ ከወረቀቱ ተነስቶ ጉልቬን ደረት ላይ የተለጠፈው ካርድ ላይ አረፈ።

«ትእዛዝ የማትሰማው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው» አለ ጉልቬን። «እናቷም እንዲሁ ነበረች።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አጥፋ ጭማቂዋን ጨለጠች። ፌራንዲ ቁጥሩን ጽፎ ቢጨርስም ከወረቀቱ ቀና ሳይል መጻፉን ቀጠለ።

ሦስት መቶውን ወንበር አንስቶ ለመጨረስ ዐርባ ደቂቃ ፈጀ። ሮዘን ሰደርያውን አጥፋ መልሳ፣ ፈርማ ስትወጣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ሰኔ ነው። አባቷ ደረጃው ላይ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። ጓደኞቹ ቡና ቤት ከሄዱ ቆይተዋል። ስታየው ተነሳ፤ በወደቡ ዳር መራመድ ጀመሩ። የታሰሩት ጀልባዎች ገመዳቸውን እየሳቡ ይንቀጫቀጫሉ። የአውቶቡሱን ፌርማታ አልፈውት ሄዱ።

«ራበሽ?» አለ ጉልቬን።

«ሳንድዊች በልቻለሁ። የሴትዮዋን።»

ትንሽ ሄዱ።

«ነገ የት ነው የምትሠሪው?»

«ነገ የለም። ሰኞም የለም።»

ጉልቬን ራሱን ነቀነቀ። አዝናለሁም አመሰግናለሁም አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም። «እኔም ነገ አልወጣም» አለ በመጨረሻ። «ኃይለኛ ነፋስ ይመጣል ብለዋል፤ ለእኔ ጀልባ አይሆንም።»

«ለወፍጮዎቹ ግን ጥሩ ቀን ይሆን ነበር።»

ካፏ ከወጣ በኋላ ነው ያሰበችው። ጉልቬን ቆመ። ውሃውን አየ፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሮዘን ሳቅ መሆኑን ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

«አሁንም ይተከሉ ባይ ነሽ?» አላት ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ።

«ነኝ።»

«ግትር» አለና ኮቱን ከክንዱ አውርዶ ትከሻዋ ላይ ጣለላት።